ሃያ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፍሬ

አባባ ሸሃታ ጆንያውን ከትከሻቸው አውርደው ሱቃችን በር ላይ አስቀመጡት።

"በል ያሲን፣ የሐጅ ፈትሒ ወይራ አለቀ። ጎደሎ መቁጠሪያ የለበትም" አሉኝ።

ሐጅ ፈትሒ አባታቸው የተከሉት ዛፍ በነፋስ ወድቆባቸው መቁጠሪያ ይሁንልኝ ብለው አምጥተውት ነበር። ከዛፉ እንጨት ከሚጠረበው አንድ ፍሬ እንኳ ሌላ ቦታ እንዳይቀር አደራ ብለውናል። አባባ ሸሃታ ፍሬውን ቤታቸው ጠርበው ይበሳሉ። በሽቦ እየሰኩ አንድ አንድ መቁጠሪያ ይለኩና ጆንያ ውስጥ ያፈሱታል። እኔ ሱቅ ውስጥ በክር እሰካለሁ። ጆንያ መቀበል ግን የአባቴ ሥራ ነበር፤ እሱ አምና ካረፈ ወዲህ ለእኔ ቀረ።

አደራ ነውና ቆጠርኩት። መቶ ጉድጓድ ያለው ገበታ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ሞላ፤ አሥራ ሁለት ፍሬ ተረፈ። አንድ መቁጠሪያ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ነው። ቁጥሩ ለዘጠና ዘጠኝ መካፈሉን ለማወቅ ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አሃዝ እየቆረጡ መደመር ይበቃል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ ሁለት፤ ድምሩ ሃያ ስምንት። ዘጠና ዘጠኝ መምጣት ነበረበት።

"አባባ፣ ሰባ አንድ ፍሬ... የጎደለ መሰለኝ" አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

"መሰለኝ? ለአደራ መሰለኝ የለም! ሰረቅህ በለኛ!"

"እንደሱ አላልኩም።"

"አባትህ አርባ ዓመት አንድ ቀን አልቆጠረብኝም። አንተ ጢምህ ሳይበቅል ቆጠርክብኝ?"

ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። እሳቸው ከተቀየሙ በሰፈሩ ሌላ ጠራቢ የለም። ከዚያ የባሰው ግን ሌባ ማለቴ ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ፈዝዤ አየሁት። ለመቶ ባካፍለው አሥራ ሁለት ይተርፋል። ለመቶ አንድስ? ለእሱ ጥንዶቹን አንዱን መደመር፣ ቀጥሎ ያለውን መቀነስ ነው። አሥራ ሁለት ሲቀነስ አሥራ አራት፣ ሲደመር ሁለት።

ዜሮ።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ መቶ አንድ፣ ያለ ቀሪ። ከጆንያ የተዘገነ ቢሆን እንዲህ ልክ ባልመጣ ነበር። ሱቁን ዘግቼ ቤታቸው ሄድኩ።

አባባ ሸሃታ ከባለቤታቸው ከሲት ነበዊያ ጋር ባቄላ ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። ቀና ብለውም አላዩኝ።

"አባባ፣ በአንድ ሽቦ ስንት ይሰካሉ?"

"ዘጠና ዘጠኝ ነዋ! ሙስሊም አይደለሁም እንዴ?"

"መቶ አንድ አይደለም?"

ሲት ነበዊያ ሳቁ። "አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱን ንገረው እንጂ!"

"ሁለቱ ደግሞ መቼ ይቆጠራሉ? እነሱ ለሚሰነጠቀው ናቸው። ክር ሲገባ እንጨት ይሰነጠቃል። አባቱ ያውቀው ነበር።"

"እኔ አላወቅሁም፣ አባባ።"

"አልጠየቅኸኝማ!"

ጎንበስ ብዬ ራሳቸውን ሳምኩ። "ይቅር ይበሉኝ። የጎደለ የለም። እንዲያውም አራት መቶ ሃያ አራት ትርፍ አምጥተዋል።"

"ምን ትርፍ አለው? የሐጅ ፈትሒ ነው" አሉ፣ አሁንም እንደተኮሳተሩ። "ያልተሰነጠቀውን ለይተህ መልስላቸው። አንድ ብታስቀር ደግሞ እኔ እቆጥርብሃለሁ።"

ከዚያ ዳቦውን ቆረሱና ግማሹን ወደ እኔ ገፉት።