ከፎቶው ወዲህ

ልብስ ሰፊዋ ስለ አባቷ ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነበር፤ «እንጨት የዋጠ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና።» አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። መንገድ ላይ ከርመው ይመጣሉ፤ ድምፃቸው ሳይሰማ በልተው፣ ተኝተው፣ ሌላ ጭነት ይዘው ይሄዳሉ። እሷ የምታስታውሰው በሩን ሞልቶ የቆመ ረጅም ሰው ነው። ቀበቶውን ታያለች እንጂ ፊቱን ለማየት ማንጋጠጥ ነበረባት። ፎቶም አይረዳትም፤ በዚያ ቤት ካሜራ የሚነኩት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ በአንዱም ላይ የሉበትም።

ታናሽ እህቷ የምትሠራው ያረጁ ሕንፃዎችን በሚያድስ ቢሮ ነው። ቁመቷ የበሩን ጉበን ቢደርስም ዛሬም «ሚጢጢ» ነው የምትባለው። ተራ ፎቶዎችን ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ፣ ፕሮግራሙ ከእነሱ ሰው እየተዘዋወረ የሚያየው ቤት ይሠራላታል። አንድ ቀን ከእህቷ ዘንድ መጣችና የቤተሰቡን ፎቶ ከነብስኩት ቆርቆሮው ብድግ አደረገችው። ያደጉበት ቤት ለመንገድ ተብሎ ከፈረሰ ቆይቷል።

«የፈረሰ ቤት ምን ያደርግልሻል?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«እማዬን ላስገባት ነዋ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሚጢጢ ኮምፒውተሯን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። እናት ሶፋው ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ከጎናቸው ተቀመጡ። መጀመሪያ የቀለም ብናኝ ብቻ ታየ። ብናኙ ተሰብስቦ ግድግዳ ሆነ፤ ቀጥሎ ሰማያዊው መጋረጃ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ቁምሳጥኑ። ሚጢጢ ማውሱን ገፋ ስታደርገው ሦስቱም ወደ ውስጥ ገቡ። ሰዎቹ አልነበሩም፤ ቤቱ ብቻ ነው፣ ግን የሚዞሩበት፣ ዞረው የቁምሳጥኑን ጎን የሚያዩበት ቤት።

እናት አፋቸውን ያዙ። «ወይ ጉድ! ይሄ እኮ ቤቴ ነው!» ወዲያው ዓይናቸው ወደ ማዕዘኑ ሄደ። «ድስቴን ግን ምን አገኘው? እንደ ሰም ቀልጧል!»

«ደህና ፎቶ የለውማ። ማሽኑ ያላየውን ከየት ያምጣው?» አለች ሚጢጢ እየሳቀች። እውነትም ከበሩ ኋላ ማንም ያላነሳው ቦታ ባዶ ግራጫ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ መሳቅ አልቻለችም። ወለሉ ላይ በልጅነቷ በጣቷ ትከተለው የነበረውን ስንጥቅ አይታ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብላለች።

«እነዚህ አየር ላይ የተንጠለጠሉት ቢጫ ቢጫዎች ምንድን ናቸው? ዝንብ ነው?» አሉ እናት።

«ሳላጠፋቸው ረስቼ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ፎቶ የተነሳበት ቦታ ናት። ፕሮግራሙ ያንኑ ቁምሳጥን ከዚህም ከዚያም ሲያየው፣ ካሜራው የት እንደነበር አስልቶ ይደርስበታል።»

ልታጠፋቸው ስትል ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ያዘቻት። «ቆይ። ካሜራው የነበረበት… አባዬ የነበረበት ነው ማለት ነው?»

ሚጢጢ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ስንት ዓመት ስትሠራበት፣ ነጥብ ሰው ነው ብላ አስባ አታውቅም። ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር በአባታቸው ተሞልቶ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ማውሱን ተቀበለች። አንዷ ነጥብ ወለሉ ላይ ልጥፍ ብላለች። «መሬት ላይ ምን ያደርጋል?» ብላ ስትነካት የምትድህ ሕፃን ፊት ስክሪኑን ሞላው። እሷው ናት። ፎቶውን ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ ሕፃኗ ማንን እያየች እንደምትስቅ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«በሆዱ ተኝቶ ነዋ!» አሉ እናት። «ከመንገድ እንደገባ፣ ያንን ግራሶ የጠጣ ሱሪውን ሳይቀይር ወለሉ ላይ ይዘረጋል። አጣቢዋ እኔ!»

«እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባደግሽበት ቤት ምን ብዬ ልንገርሽ? የምታውቂው መስሎኝ።»

ቀጣዩ ነጥብ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ልጅቱ ቁጭ ብላለች። ቀጣዩ ደግሞ ከዚያ ከፍ፤ ልጅቱ ቆማለች። እሷ ባደገች ቁጥር ነጥቡ አብሯት ያድጋል፣ ሁልጊዜ በዓይኗ ልክ። ወገቡ አይታጠፍም ያለችው ሰው መጀመሪያ ተኝቶ፣ ኋላ ተንበርክኮ፣ ኋላም ጎንበስ ብሎ ሲከተላት ኖሯል። ፊቱን አላየሁም ስትል ፊቱ ከፊቷ ፊት ለፊት ነበር፤ ካሜራው ሸፍኖት ነው እንጂ። መርፌውን ከደረቷ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይቺኛዋ እንኳ ስህተት ናት» አለች ሚጢጢ። አንዷ ነጥብ ከግድግዳው ውጭ፣ መንገዱ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ከፈቷት። እናት ትልቋን ልጃቸውን ጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው ፀጉሯን እያበጠሩ ይስቃሉ። ከዳር በኩል ጥቁር መስመር አለ፤ ጣት የገባበት የተበላሸ ፎቶ እያሉ ነበር የሚያልፉት።

ሚጢጢ ጠጋ ብላ አየችው። «ጣት አይደለም፣ የመስኮቱ ብረት ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ አባዬ ውጭ ነበር።»

«እኔ እኮ ይቺን ሲያነሳ አላየሁትም» አሉ እናት። ጣታቸውን ወደ ጥቁሩ መስመር ቀስረው፣ «ሳያንኳኳ ቆሞ ያየን ነበር ማለት ነው?» አሉ።

ሚጢጢ እይታውን ወደዚያች ነጥብ ወሰደችው። አሁን ሦስቱም መንገድ ላይ ቆመው በመስኮቱ ወደ ገዛ ቤታቸው ያያሉ። እናት ሳያውቁት ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

«በይ አስገቢው» አሉ በመጨረሻ። «ከመንገድ የመጣ ሰው ውጭ አይቆምም።»

ሚጢጢ ማውሱን ቀስ አድርጋ ገፋች። ግድግዳው እንደ ጉም ተበትኖ አሳለፋቸው፣ መጋረጃው በጎን አለፈ፣ ክፍሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ከሶፋው ወርዳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለቻቸው። «ሌላስ ምን ያደርግ ነበር? ንገሪኝ።»

እናትም ከሠርጋቸው ሰሞን ተነስተው ይነግሯት ጀመር።