ሰባት የገባው ቁጥር

ልብስ ሰፊዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን ከሜትሯ ላይ ለቅማ ተምራለች። በቁጥር የሚያታልለኝ ገና አልተወለደም ትል ነበር።

የባሏ የአናጢው ኩላሊት መታመሙ ከታወቀ አራት ዓመት ሆነ። በየሦስት ወሩ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ ሲገባ፣ መነጽሯን ሰክታ ሐኪሙ በቀለም የከበበውን ቁጥር ትፈልጋለች። በመጀመሪያ ሁለት ነበር። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት ተኩል። ወረቀቱን ከስፌት መኪናዋ በላይ በመርፌ ትሰካና ልኬት ሊሰጥ ለመጣ ሁሉ ታሳያለች። ጨው የከለከለችው በከንቱ አይደለማ! አናጢው ፈገግ ይላል። እግሩ ሲያብጥ መቆም ስለማበዛ ነው ይላል፤ ምግብ ሲያስጠላው ደግሞ ሥራ ቦታ በልቻለሁ ይላል።

አንድ ጠዋት የቤታቸው ደረጃ መሃል ቁጭ ብሎ መነሳት አቃተው። ደግፋ ራሷ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ውጤቱ ሲመጣ ከነርሷ እጅ ነጥቃ አየችው።

«ሰባት ገባ! አየሽ ልጄ፣ እኔ ባልይዘው ኖሮ እዚህ ይደርስ ነበር?»

ነርሷ መጀመሪያ አናጢውን አየችው። ከዚያ ልብስ ሰፊዋን አስቀምጣ ነገረቻት። ቁጥሩ ኩላሊት ማጣራት አቅቶት ደም ውስጥ የቀረ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም እሱ ይጨምራል። ለኩላሊት እጥበት የሚሆን የደም ሥር ክንዳቸው ላይ በቀዶ ሕክምና እንዲሠራላቸው ከተነገራቸው ዓመት ሊሞላ ነው። ባለቤቴን ላማክር ብለው እንደወጡ ቀሩ።

ሴትዮዋ ወደ ባሏ ዞረች።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አራት ዓመት ሙሉ ሰው ስታስቅብኝ?»

«ቤታችን ውስጥ ደስ ያለው አንድ ሰው እንኳ ይኑር ብዬ ነው።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ትታው ወደ ነርሷ ዞረች።

በእጥበቱ ይድናል ወይ ብላ ነርሷን ጠየቀች። አይድኑም አለቻት፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት፣ ዕድሜ ልክ። ልባቸው ከበረታ ብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ፤ ሁለት ዓመት የማይደፍኑም አሉ። ከተውት ግን የወራት ነገር ነው።

ልብስ ሰፊዋ የባሏን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቀለለችና ክንዱን ወደ ነርሷ ገፋችው።

«ይኸው። ያማከረኝ ዛሬ ነው፤ እሺ ብያለሁ።»

አናጢው ክንዱን አልሰበሰበም። ነርሷ የደም ሥሩን በጣቷ ስትዳብስ ቆየችና፣ አምና ቢሆን ይሻል ነበር አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ሁለቱም ሰሟት።