የተዋስኩት አክታ

ሦስት ጊዜ! ሦስት ጊዜ ነው ወንድሜን ሞኬቴን ፈረስ ላይ ጭኜ፣ ያን ሁሉ ተራራ ወርጄ ጤና ጣቢያ የወሰድኩት። ሦስቱንም ጊዜ ሲስተር ማሊኔዎ ወረቀቷን እያየች «ቲቢ የለበትም» አለችኝ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ላብ፣ ይሄ ሁሉ መክሳት ከየት መጣ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እህቴ ማሞሳ? አክታው ላይ አልተገኘም።»

የምን አክታ! ሞኬቴ ጆሃንስበርግ ወርቅ ሲቆፍር የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አቋርጦ፣ አቅሙ አልቆ ነው ወደ ሌሶቶ የተመለሰው። እንዲህ ሰውነቱ የደከመ ሰው ቲቢ ሳንባውን እየበላውም አክታው ላይ ላይታይ እንደሚችል ለመንደራችን ያስተማረችው ይቺው ሲስተር ናት። ታውቃለች! ግን አክታው ላይ ሳይገኝ መድኃኒት ማዘዝ የሚችለው ሐኪሙ ብቻ ነው አለች። እሱ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ወር ደግሞ መንገዱን በረዶ ዘጋው። መድኃኒቱ ከጀርባዋ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይታየኛል። ደሜ ፈላ።

አባባ እንደማለት ንታቴ የምንላቸው ጎረቤታችን ሌፋ ቲቢ እንዳለባቸው የተነገራቸው በዚያው ሳምንት ነው። ቤታቸው ሄጄ ለሞኬቴ አክታ ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን ባዶ ብልቃጥ ዘረጋሁላቸው።

«ንታቴ፣ እስቲ እዚህች ላይ ይትፉልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ? ሰው ስኳር ይዋሳል እንጂ አክታ!»

«ያበደስ መመሪያው ነው።»

ስቀው ስቀው ሳል ያዛቸው፤ ሞሉልኝ።

ብልቃጧን በሞኬቴ ስም ላስረክብ ተሰለፍኩ። ከጎኔ የላይኛው ሰፈሯ ፑሌንግ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ቆማለች፤ ከሞኬቴ ብሳ ከስታለች። የራሷን አክታ ይዛለች።

«እኔንም ሁለቴ የለብሽም ብለውኛል። ዛሬ ግን ከሆዴ ነው የሳልኩት» ብላ ሳቀች።

ዘዴዬን ሹክ ልላት አፌን ከፈትኩ። ሲስተሯ ወደኛ ዞር ስትል ፈርቼ ዘጋሁት።

በሳምንቱ «ተገኘ!» ተባለ። ሞኬቴ መድኃኒት ጀመረ። በሁለተኛው ወር ገንፎ አምጡልኝ አለ፤ በሦስተኛው ከብቶቹን ሊያይ በእግሩ ወጣ።

«አየሽ? መጀመሪያውኑ ደህና አክታ ብታመጪ ኖሮ!» አለችኝ ሲስተር።

ፑሌንግን የቀበርናት በዚያው ሰሞን ነው። ወረቀቷ ላይ እስከ መጨረሻው «ቲቢ የለባትም» ይላል። እናቷ «ልጄን ምን በላብኝ?» እያሉ ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። መልሱን የምናውቀው እኔና ሲስተር ነበርን፤ ሁለታችንም መሬት መሬቱን እናያለን።