የጉድጓዱ ጠባቂ ፊት

ጨዋታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ለሽያጭ ወጣ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እንደወደቀ ገብቶን ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ራኒም እባላለሁ፤ ሠዓሊ ነኝ። ተማሪዎች ሳለን፣ ኢርቢድ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲው ጎዳና ላይ ኢንተርኔት ካፌዎች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው በቆሙበት ዘመን፣ ሦስት ሆነን አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርተን ነበር። ሐሳቡ የውሳም፣ ኮዱ የዑባዳ፣ ሥዕሉ የኔ። «ሰባቱ ጉድጓዶች» አልነው። አንድ ነጋዴ ግመሎቹን እየነዳ በረሃ ያቋርጣል፤ በየጉድጓዱ የሚቆመውን ጠባቂ በጨዋ ቃል ካናገረው ውኃ ያገኛል፣ ከተመጻደቀበት በጥም ይሞታል። ይኸው ነው። ግመሎቼ ውሻ ይመስሉ ነበር። ግን በነጻ ስለለቀቅነው በፍላሽ እየተገለበጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሞሮኮ ድረስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ እንኳ ሰው ስሜን ሲሰማ «አንቺ ነሽ እንዴ የግመሎቹ?» ይለኝ ነበር። እኮራ ነበር።

ዩኒቨርሲቲውን ከጨረስን ስምንት ዓመት ሆኖን፣ ውሳም አንድ ቀን ሰበሰበንና «ሁለተኛውን እንሥራ፤ ሕዝቡ ያዋጣልናል» አለ። ውሳም ሲናገር ድንጋይ ያሳምናል። ካሜራ ፊት ቆሞ አምስት ደቂቃ አወራ፤ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ ሰው አዋጣ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። መዋጮው በጨመረ ቁጥር ግን ተስፋውንም ይጨምራል። ሰባት የነበሩት ጉድጓዶች ሃያ አንድ ሆኑ። ጠባቂዎቹ በድምፅ ይናገራሉ አለ። ቀጥሎ ደግሞ በረሃው ላይ ዝናብ ይዘንባል ብሎ ጻፈ።

«ዝናቡን የሚያዘንበው ማነው?» አለው ዑባዳ።

«አንተ ነሃ!»

«እኔማ የዕቃ ቤት ሒሳብ ፕሮግራም ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝናብ የፈለገ ወደ አላህ ይጸልይ።»

ስቀን አለፍነው። ያኔ ሁሉም ነገር ያስቀን ነበር።

ከፍ ያለ መዋጮ የሰጠ ሰው ፊቱ ተሥሎ በጨዋታው ውስጥ ይገባል የሚል ቃልም ገብተን ነበር። ሰው ሁሉ የላከው የራሱን ፎቶ ነው፤ መነጽር አጥልቆ፣ ጡንቻውን ወጥሮ። ከራምሳ ከተማ የመጣው ግን የሌላ ሰው ነበር። ፎቶው ላይ የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት አለ። ደብዳቤው አጭር ነው፦ «ልጄ ቁሰይ ነው። በዐቃባ መንገድ በመኪና አደጋ ካለፈ ሦስት ዓመቱ። ራት ቀርቧል ብዬ ስጠራው፣ ‹እማ፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ቀረኝ› እያለ ያስጠብቀኝ ነበር። አንዱ ጉድጓድ አጠገብ አቁሙልኝ። እናቱ ኡም ቁሰይ።»

ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት። ሥዕሉን ይዤ ራምሳ ቤቷ ድረስ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ስታየው እንደ ተማሪ ፈተና ነው የምታርመው።

«ቅንድቡ እንዲህ እኩል አይደለም ልጄ። የግራው ከፍ ይላል፤ በተለይ ሲዋሽ።»

«ይዋሽ ነበር እንዴ?»

«ሰው አልነበረ? በልቶ መጥቶ ‹አልበላሁም› ይለኛል፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ።»

የግራውን ቅንድብ ከፍ አደረግኩት። በአራተኛው ጊዜ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። በሕይወቴ ከሣልኳቸው ፊቶች ሁሉ ያንን ያህል የለፋሁበት የለም። አሥራ አንደኛው ጉድጓድ ላይ፣ ጀንበር በምትጠልቅበት ኮረብታ ሥር አቆምነው። ድምፁን የአጎቱ ልጅ ሰጠን፦ «እንኳን በደህና መጣህ። ውኃው የአላህ ነው፤ ጠጣ።»

አንድ ዓመት ይበቃል ያልነው ሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። ቀኑን ሦስት ጊዜ አራዘምን። በየማራዘሙ ያዋጡት ሰዎች መጀመሪያ «አይዟችሁ» አሉን፣ ቀጥሎ ዝም አሉ፣ በመጨረሻ መሳደብ ጀመሩ። ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዑባዳ ጠራንና አንድ ነገር አሳየን። የአሥራ አንደኛው ጉድጓድ መሬት ተዳፋት ስለሆነ፣ ጠባቂውን አንድ ጊዜ ሰላም ብትለው ደህና ነው፤ ሁለተኛ ሰላም ካልከው ግን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይሰምጣል፤ ሰምጦም ማውራቱን አያቆምም።

«ስንት ቀን ይፈልጋል?» አለ ውሳም።

«ይሄ ብቻ አይደለም። ሠላሳ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ሁለት ወር ስጠኝ።»

«ሁለት ወር? አራተኛ ካራዘምን ሥጋችንን ይበሉታል! ይውጣ፤ ከወጣ በኋላ እናስተካክላለን።»

ዑባዳ ወደ እኔ ዞረ። ያ ፊት የኔ ሥራ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ሁለት ለአንድ እንሆን ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ማለቁን ብቻ ነበር የምፈልገው። ዝም አልኩ።

እናም ያ ሐሙስ መጣ። ተጫዋቾቹ ከአሥር ሁለት ነጥብ ሰጡን። «ሦስት ዓመት ጠብቄ ግመል በአየር ላይ ሲዋኝ አየሁ» ይላል አንዱ። «ዝናቡ ወደ ላይ ነው የሚዘንበው» ይላል ሌላው። ስድቡን ቻልኩት፤ ሰው ሲሰድብህ መልሰህ በሆድህ ትሰድበዋለህ። የጎዳኝ ከወህራን አንድ አልጄሪያዊ የጻፈው ነው፦ «አልተናደድኩም። ወንድሜና እኔ የድሮውን አብረን ነበር የተጫወትነው፤ አዲሱን ደግሞ አብረን ልንጫወት ቀጠሮ ይዘን ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ዘጋነው።» ውሳም ግን ሁሉንም በተራ ይመልሳል፦ «ይቅርታ ወንድሜ፣ እናስተካክላለን። ይቅርታ እህቴ፣ እናስተካክላለን።» ጣቶቹ ብቻ ናቸው የሚሠሩት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

በዚህ መሐል የቢሯችን በር ተንኳኳ። ኡም ቁሰይ ናት። ከራምሳ በሚኒባስ፣ ትልቅ ድስት መቅሉባ፣ የሩዝና የሥጋ ምግብ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው የመጣችው።

«መብሩክ! እንኳን ደስ ያላችሁ ልጆቼ!» አለች። «ምነው ፊታችሁ? አልተኛችሁም መሰል።»

መውደቃችንን አልሰማችም። እኛም አልነገርናትም። ዑባዳ ተነሥቶ ድስቱን ተቀበላት፤ ኪቦርዶቹን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው።

«መጀመሪያ ልጄን አሳዩኝ፤ ከዚያ እንበላለን።»

ከጎኔ አስቀመጥኳት። ነጋዴውን እየመራሁ አሥራ አንደኛው ጉድጓድ አደረስኩት። ቁሰይ ጀንበሯን ተደግፎ ቆሟል። እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ነካችው።

«ከሲታ ነው» አለች። «አይ፣ እንዲህ ነበር። እስኪ ሰላም በይው።»

ሰላም አልኩት። «እንኳን በደህና መጣህ። ውኃው የአላህ ነው፤ ጠጣ» አለ ቁሰይ፣ የግራ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ። ኡም ቁሰይ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

«ድገሚልኝ።»

«ሌሎቹን ጉድጓዶች ላሳይዎት፤ አንድ በጣም የሚያምር አለ፣ ተምር ያለበት...»

«ሌሎቹን ምን ላደርጋቸው? ይሄንን ድገሚልኝ።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ። ያኔ እውነቱን ልናገር እችል ነበር። የትኛውን ቁልፍ እንደተጫንኩ አይታ ስለነበር ራሷ ተጫነችው። ቁሰይ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ፤ ከዚያ እስከ ወገቡ፤ ከዚያ እስከ አንገቱ። ጭንቅላቱ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ፣ «እንኳን በደህና መጣህ፣ እንኳን በደህና መጣህ፣ እንኳን በደህና መጣህ...» ማቆሚያ የለውም።

ውሳም ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ትንሽ ስህተት ናት፣ ኡም ቁሰይ! ይሄ በሚቀጥለው...»

«ታውቁ ነበር?»

መዋሸት የማይሆንለት ዑባዳ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ከሦስት ሳምንት ጀምሮ» አለ።

ኡም ቁሰይ ቦርሳዋን አነሣች። «እኔ ልጄን መሬት ሲውጠው አንድ ጊዜ አይቻለሁ» አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ብሉ፤ ይቀዘቅዛል» ብላ ወጣች። ተከትያት እስከ ደረጃው ሮጥኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም። መቅሉባውን አልነካነውም።

ዑባዳ የዚያኑ ዕለት ማስተካከል ጀመረ። ሊጨርስ ሲል፣ ቅዳሜ፣ አንድ የኩዌት ሰው ቪዲዮ ለቀቀ። ጨዋታ እየተጫወተ ሰው የሚያስቅ፣ ብዙ ተከታይ ያለው ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ በእኛ ላይ ሲስቅ ቆይቶ አሥራ አንደኛው ጉድጓድ ደረሰና ቁሰይን ሰላም አለው፤ ደገመው፤ ከወንበሩ ላይ ወደቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ያቺ የሰመጠች ጭንቅላት ያልደረሰችበት ስልክ የለም። ሠርግ ላይ ያስገቧታል፣ ፓርላማ ውስጥ ያስገቧታል፣ የሾርባ ሳህን ውስጥ ያስገቧታል። ጨዋታውን የሚገዛም ሰው ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ፤ እሷን ለማየት ብቻ።

«አትንኩት» አለ ውሳም። «ዑባዳ፣ የሠራኸውን እንዳትለቅ።»

«አብደሃል?» አልኩት።

«ራኒም፣ ስሚኝ! ከዚህ ሁሉ ልፋት ሰው የወደደልን እሱን ብቻ ነው!»

«ወደዱት ነው የምትለው? ይስቁበታል እንጂ!»

«ይሳቁ! ስቀው ይግዙ። ከዚያ ሌላውን በሙሉ እናስተካክላለን፤ ዝናቡንም፣ ግመሉንም። ካልሆነ የሚመጣው ሳምንት ቢሮውን ዘግተን ነው የምንሄደው። አንቺስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስትዪ ነበር? ዛሬ ነው ቅድስት የሆንሽው?»

እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ይበልጥ የጠላሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ራኒም ልጄ» አለች ኡም ቁሰይ፣ «የሠፈር ልጆች በደጄ ሲያልፉ እንደሱ እያሉ ይሳሳቃሉ። የኔ ልጅ መሆኑን አያውቁም፤ ልጆች ናቸው፣ አልቆጣቸውም። እህቴ ግን ትናንት ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጥታ አሳየችኝ። ገና እያሳየችኝ ነው ማን እንደሆነ ያወቀችው። አሁን ቤቴ መምጣት አፍራለች። ሌላ ምንም አልፈልግም። አውጡልኝ።»

ውሳም ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ «ዛሬውኑ ይወጣል» አላት። «ኡም ቁሰይ፣ እኔ...» ሲል ዘግታዋለች።

ወደ እኔ ዞረና፣ «ፊቱን አውጪው» አለኝ። «የኔን አስገቢበት።»

«ምን?»

«ሰምተሻል። መስመጡ ይቆይ፤ የሚሰምጠው እኔ ልሁን። ድምፁንም ራሴ እቀዳዋለሁ።»

እየቀለደ የመሰለኝ መስሎት፣ «ከልቤ ነው» ብሎ ጨመረ። እውነቱን ለመናገር አላዘንኩለትም። ከሰዓት በኋላ በአንድ ቁጭታ ሣልኩት፤ ድርብ አገጩን፣ የሸሸ ፀጉሩን፣ ሲጨነቅ የሚነክሰውን ከንፈሩን፣ አንድም ሳላስቀር። አይቶት፣ «ይሄን ያህል ወፍሬያለሁ?» አለ።

«ወፍረሃል።»

«እሺ። ልቀቂው።»

በዚህ ነገሩ ተስተካከለ ብላችሁ እንዳታስቡ። ተጫዋቾቹ በአንድ ቀን ውስጥ ማን እንደሆነ ለዩት፤ በመዋጮው ቪዲዮ ላይ ቃል ሲገባ የነበረው ሰውዬ ነዋ። «አጭበርባሪው ይቀበር!» እያሉ ሲስቁ ሰነበቱ። ከዚያ ሰለቻቸው። «የድሮው ይሻል ነበር፣ መልሱልን» የሚሉ መጡ። ከዚያ እነሱም ጠፉ። የቁሰይን ፊት ከጨዋታው አወጣነው እንጂ ከሰው ስልክ ማን ያወጣዋል? ዛሬም አልፎ አልፎ አንድ ዘመድ ይልክልኛል፤ እኔ የሣልኩት መሆኑን ሳያውቅ፣ «ሳቂ» ብሎ።

መስከረም ላይ ቢሮውን ዘጋን። ዑባዳ አማን ከተማ፣ አንድ ባንክ ውስጥ ተቀጠረ። ውሳም ሪያድ ሄደ፤ ምን እንደሚሠራ አላውቅም፤ በዒድ መልእክት ይልክልኛል፣ እኔም «ለአንተም» ብዬ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለንም። ዝናቡ እንደጀመረው ወደ ላይ ሲዘንብ ቀረ።

ኡም ቁሰይን አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻታለሁ፤ ባለፈው ክረምት፣ የራምሳ ሚኒባስ መነሻ ጋ። ልሸሽ አስቤ ነበር፤ ቀድማ አየችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ፣ እናቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችኝ፣ አግብቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አሁን የት ነሽ?»

«ብስኩት ፋብሪካ። ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል እሠራለሁ።»

«መልካም ነው። ብስኩት ማንንም አያሳፍርም።»

እየቀለደች ይሁን እየቀጣችኝ አልለየሁትም። «ኡም ቁሰይ፣ ያኔ እኔ ዝም ባልል ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አዎ» አለችኝ፣ ሳታስጨርሰኝ። ረዳቱ «ራምሳ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ገባች፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠች፣ ሚኒባሱም ሄደ።