የሸምሶ ስድስት ጎራሽ

«ታላቅ መሣሪያ ማለት ይኼ ነው» አሉ ሐጂ ከድሮ፣ ሽጉጡን መዳፋቸው ላይ አጋድመው ክብደቱን እየመዘኑ። «መዶሻውን በአውራ ጣትህ ልወጥር አትል። ምላጩን ትስባለህ፣ ራሱ ይወጥራል፣ ራሱ ይመታል። በኛ ጊዜ በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ ወገቡ ላይ ያለው ይኸው ስድስት ጎራሽ ነበር።»

«እጅ ያስታል እኮ ሐጂ» አለ ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጠ ጡረታ የወጣ ሚሊሻ። «ምላጩ ድንጋይ ነው። እስክትስበው ዒላማህ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።»

«መክበዱ ነው ደግነቱ። ካልፈለግህ አይተኩስማ። እንደ ጨዋ ሰው ነው፣ ካልነኩት አይናገርም።»

ሰው ፈገግ አለ። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው፣ ፈገግታ ግን እስካሁን የከለከለ የለም። በሁለተኛው ቀን ደግሞ እንባው ደርቆ ወሬው ይሞቃል።

ናጃህ የሻይ ፔርሙስ እንደያዘች ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ሽጉጡ የአባቷ ነው። የአባቷ ነበር ማለትን አፏ ገና አለመደም። ሸምሶ ከቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ሱቅ አርባ ዓመት ሙሉ ቁልፍ፣ የልብስ ስፌት መኪናና የጦር መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ያመጣል፤ «ደህና ነው» ካለ ደህና ነው፣ «ተወው» ካለ ማንም አይነካውም። እሷም አስራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጣ ሙያውን ተምራለች። የከተማው ሰው «ወንድ ልጅ እያለው» ብሎ አምቶ አምቶ ሲደክመው ቁልፉን ለእሷ ማምጣት ጀመረ።

ወንድ ልጁ ሙባሪክ ነው። ከወልቂጤ ቡታጅራ ሚኒባስ ይነዳል። ሽጉጡን ከብረት ሳጥኑ አውጥቶ ለቀስተኛ ፊት ያቀረበው እሱ ነው።

«ስሙን ሰምተው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡ ሰዎች ለምነውት አልሸጠም» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ሠላሳ ዓመት ከዓይኑ አልለየውም። አሁን ፈቃዱን ወደ ስሜ አዛውሬ እኔ እታጠቀዋለሁ። የአባቴ ስም መሬት አይወድቅም።»

ናጃህ ፔርሙሱን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። ሐጂ ከድሮ ግራ እየገባቸው ሰጧት። ጥይት የሚይዘውን ክብ ብረት ወደ ጎን ገፋ አደረገችው፤ ስድስቱም ቀዳዳ ሞልቷል። አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንታ መታ ስታደርገው ጥይቶቹ መዳፏ ላይ ተራገፉ።

«ማነው ያጎረሰው?»

«እኔ» አለ ሙባሪክ። «ባዶ ሽጉጥ ከዱላ በምን ይሻላል?»

«ለቅሶ ቤት ውስጥ?»

ጥይቶቹን ኪሷ ከተተች፣ ሽጉጡን ለወንድሟ መለሰችና ሻይ መቅዳት ጀመረች። አንዱን ብርጭቆ እስኪፈስ ሞላችው። ሐዘኑ ነው ብለው አለፏት።

የሽጉጡን ታሪክ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። በሰማንያ ስድስት ዓ.ም. ዑመይር የሚባል ወጣት የበርበሬ ነጋዴ ይህንኑ ስድስት ጎራሽ ከመግዛቱ በፊት ለሸምሶ አሳየው። ሸምሶ ወንዝ ዳር ወርዶ ስድስት ጥይት ተኮሰበት። አንዱም አልከሸፈ፣ አንዱም ዒላማ አልሳተ። «ታላቅ መሣሪያ ነው። ስድስቱንም ሞልተህ ታጠቀው» አለው። ሸምሶ በዕድሜው ሙሉ «ታላቅ» ያለው መሣሪያ ያ ብቻ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ዑመይር ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ መስጊድ ግቢ ያለው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ሲል ሽጉጡ ከወገቡ አመለጠ። ሊይዘው እጁን ሰደደ። ሽጉጡ ድንጋዩ ላይ ወደቀና ጮኸ። ጥይቱ አጠገቡ እግሩን ይታጠብ የነበረውን ታናሽ ወንድሙን አብዱልሃፊዝን አገኘው። ልጁ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ሸምሶ በባለሙያነት ተጠራና «ይህ መሣሪያ ምላጩ ካልተነካ አይተኩስም» ብሎ መሰከረ። እንግዲያው የነካው ዑመይር ነው ተባለ። እጁን መስደዱን እሱም አይክድምና ነክቼው ይሆናል አለ፣ እያደር ደግሞ ነካሁት አለ። እርቁ ሲወርድ «ይህን ነገር ዓይኔ አይየው» ብሎ ሽጉጡን ለሸምሶ ሰጠው።

ከተማው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። የቀረውን ናጃህ የሰማችው ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ነው፣ አባቷ ወልቂጤ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ።

«ከዓመት በኋላ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ» አላት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «እርሳስና ባሩድ የሌለው፣ መለኮሻው ብቻ የቀረ ቀለህ ነበረበት። ወለሉን ሲነካ ጧ አለ። ማንም አልነካውም ናጃህ። እኔ ቆሜ ነበር የማየው።»

«ከዚያስ?»

«ፈታሁት። መዶሻው ጥይቱ ላይ እንዳያርፍ የምትከለክል የጥፍር ያህል ብረት አለች። ተበልታ አልቃለች። እኔ ዘንድ ሲመጣም ያለቀች ነበረች። ተኩሼ አየሁት እንጂ ፈትቼ አላየሁትም።»

ያን ጊዜ ነው ብዙ ነገር የገባት። አባቷ በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ሁሌም አብዱልሃፊዝ በሞተበት ወር፣ ሱቁን ዘግቶ ሽጉጡን ያወጣል። መለኮሻ ብቻ የቀረው ቀለህ አጉርሶ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ይጥለዋል። ጧ ይላል። ያነሳና ይጥለዋል፣ ጧ ይላል። አንድ ጊዜ ለምን እንደሚጥለው ጠይቃው ነበር። «ምናልባት ዝም ቢል ብዬ» ነበር መልሱ። የሙያ ነገር መስሏት አልፋዋለች። ለካ ሰውየው በዓመት አንዴ ከጥፋቱ ነጻ የሚያወጣውን ዝምታ ሲለምን ኖሯል፣ ብረቱ ደግሞ እንቢ ሲለው።

«ለጋሽ ዑመይር ለምን አልነገርከውም?»

«የመጀመሪያ ቀን ያፈርኩት በስሕተቴ ነው። ከዚያ በኋላ ያፈርኩት ባለመናገሬ ነው። ይኼኛው በየዓመቱ ያድጋል።»

«ጥራው አባ። አሁን ጥራው።»

«ነገ» አላት።

ነገ ነገን እየወለደ አስራ አንድ ቀን ሆነ። በአስራ ሁለተኛው ሞተ። የዑመይር ቁጥር ግን ናጃህ ስልክ ውስጥ ነበር። እሷም አልደወለችም። አባቴን ላለማሳፈር ነው ስትል ለራሷ ነገረች። እውነቱ ሌላ ነው። የሸምሶ ልጅ መባል የሱቋ ሰሌዳ ነው፣ እሱ ከተሰነጠቀ ማን ቁልፉን አምኖ ይሰጣታል?

በቀብሩ ቀን ጀናዛው ከግቢ ሊወጣ ሲል ሙባሪክ እንደ ወጉ ፊት ቆሞ «አባታችን ላይ ሐቅ ያለው፣ የበደላችሁም ነገር ካለ፣ ለአላህ ብላችሁ አፉ በሉት» አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለነዋል» አለ። ናጃህ ከሴቶቹ መሀል ሆና አየች፦ ዑመይር ከሁሉ ፊት ቆመው፣ ከሁሉ አስበልጠው «አፉ ብለነዋል» ይላሉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንባዋ ቆመ።

በሁለተኛው ቀን የዓስር ሶላት ተሰግዶ ለቀስተኛው ሲሳሳ እናቷ ዘንድ ገባች። ሳሌሃ እንደ ባል የሞተባት ሴት ዒዳዋን ልትጠብቅ ጓዳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ናጃህ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት።

«ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው እማ አፉ ያሉት። ያላዩትን ቁስል ሽሯል ማለት ምን ያደርጋል?»

«አፉ አፉ ነው» አለች ሳሌሃ። «ሆድ ይፍጀው በይ ልጄ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነገ ሦስት ቀኑ ነው፣ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰው ይበተናል። የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ ሙት ወቃሽ የገዛ ልጁ ትሁን?»

«እሱ እዚያ ሲጠየቅ አንቺ ትመልሽለታለሽ?»

ሳሌሃ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

«ታውቂ ነበር እማ?»

«በየዓመቱ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ እንደሚያጣ አውቃለሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዑመይር መጡ። የበርበሬውን ንግድ ከተዉ ቆይተዋል። መስቃን ገጠር ውስጥ እንሰት ተክለው ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ዕድሜያቸው ስልሳ ሳይሞላ ፀጉራቸው ጥጥ ሆኗል። ጫማቸውን አውልቀው እንደ ሩቅ እንግዳ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሽጉጡ አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የትናንቱ ክርክርም አልሞተም። ሐጂ ከድሮ ክፉ ሰው አይደሉም፣ አፋቸው ብቻ ከልባቸው ይቀድማል።

«ይኸው ባለቤቱ መጣ። ዑመይር፣ አንተ ፍረደን። ታላቅ ነው አይደለም?»

ሁሉም ሐጂን ገላመጣቸው። ዑመይር ግን በትሕትና መለሱ።

«መሣሪያው ምን አጠፋ ሐጂ። ሸምሶ አላህ ይዘንለትና ያኔውኑ ተናግሮታል፣ ካልተነካ አይተኩስም። ያጠፋው የኔ ጣት ነው።» ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

ናጃህ ተነስታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የአባቷን የዕቃ ቆርቆሮ ይዛለች። ወንዶቹ መሀል አልፋ ዑመይር ፊት ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ሽጉጡን ከወንድሟ እጅ ተቀበለች፣ ባዶ መሆኑን አየች፣ ከቆርቆሮው መለኮሻ ብቻ የቀረው ቀለህ አውጥታ አጎረሰችው።

«ጋሽ ዑመይር፣ ጣቴን ይዩልኝ» አለች። በግራ እጇ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጋ እጀታውን ብቻ ያዘች፣ ምላጩ አጠገብ ምንም የለም። በቀኟ የእንጨት መዶሻ አንስታ የሽጉጡን መዶሻ ከኋላ መታ አደረገችው።

ጧ አለ። አንድ ሽማግሌ «ቢስሚላህ» አሉ።

ቀጥላ በካቻቪቴ ጎኑን ፈታች። ከሆዱ የተበላችውን ትንሽ ብረት አውጥታ ነጭ ጨርቅ ላይ አኖረቻት።

«ሲወድቅ ይተኩሳል። ያኔም በመውደቁ ነው የተኮሰው። አባቴ ሲመሰክር አያውቅም ነበር። ከዓመት በኋላ አወቀ፣ ሠላሳ ዓመትም ዝም አለ። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ።»

ሙባሪክ ከተቀመጠበት ተነሳ። «አፈሩ ሳይደርቅ? አንቺ ልጁ አይደለሽም?»

«ሙባሪክ» የሚል ድምፅ ከጓዳው መስኮት መጣ። ሳሌሃ ናት። «ተዋት።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ናጃህ ቀና ብላ ሐጂ ከድሮን አየቻቸው።

«ሐጂ፣ ስለ መሣሪያው ጠይቀው ነበር። ስድስቱንም ይተኩሳል፣ አይነክስም፣ ዒላማ አይስትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ያልነካውን ሰው ገዳይ ያደረገ መሣሪያ ግን ታላቅ አይባልም። አይገጠምም፣ ማንም አይታጠቀውም። ሰኞ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ዑመይር ዞረች። «አፉ ይበሉት አልልዎትም። የዛን ቀኑ አፉታዎ ግን ይመለስልዎ፣ ሳያውቁ የሰጡት ነው። አሁን አውቀው የፈቀዱትን ያድርጉ።»

ዑመይር ብረቷን በሁለት ጣታቸው አነሷት። ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩዋት።

«ጣቴ አልነበረም?»

«ጣትዎ አልነበረም።»

ብረቷን መልሰው አስቀመጡና ተነሱ። በሩ ጋ ደርሰው አንድ እግር ጫማቸውን አደረጉ። ሄዱ ብላ ናጃህ ዓይኗን ጨፈነች። መሄድ ይገባቸዋል፣ ማንም አይፈርድባቸውም። ግን ሁለተኛውን ጫማ አላደረጉም።

«አብዱልሃፊዝ ሲቀበር እኔ ሰው ቤት ተደብቄ ነበር» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ። «ገዳይ ለቅሶ አይቀመጥም ተባለ። እናቴን እንኳ አላህ ያጽናሽ አላልኳትም። እኔንም ያለኝ የለም።» «ሸምሶን አፉ ልበለው አልበለው አላውቅም ልጄ። እሱ ይቆየኝ። መጀመሪያ ልቀመጥ።»

ጫማቸውን አወለቁ። በእንግዶቹ በኩል አልሄዱም። ቤተ ዘመድ ወደተቀመጠበት ረድፍ አልፈው ሙባሪክ ፊት ቆሙ። ሙባሪክ ሽቅብ አያቸው። ዓይኑ ቀልቷል፣ መንጋጋው ተነክሷል። ከዚያ ሰውነቱን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከአረቅጥ የመጡ ሦስት ለቀስተኞች ገቡ። የመንገድ አቧራ እላያቸው ላይ ነው፣ የሆነውን አያውቁም። «ኢናሊላሂ» እያሉ ከረድፉ ጫፍ ጀምረው እጅ ያዙ። ሙባሪክ «አሚን» አለ። ቀጥሎ የተቀመጡት ዑመይር ናቸው።

«አላህ ያጽናዎት» አለ የፊተኛው ሰው፣ ጎንበስ ብሎ። «ሟቹ ምንዎ ነበሩ?»

«ወንድሜ ነው» አሉ ዑመይር። «ታናሼ።»

ሰውየው ሟቹ ሽማግሌ መሆናቸውን ሰምቶ ነበርና ትንሽ ግራ ገባው። እጁን ሊመልስ ሲል ዑመይር አለቀቁትም። በሁለት እጃቸው ጨብጠውት ትከሻቸው ይርገበገባል። እንግዳው እጁን እንደሰጠ፣ እንዳጎነበሰ ቆየላቸው።