የእስፓንያው እንግዳ መቃብር

ሙሴ አንሰልሞ የሞተው በሰኔ፣ አንኮበር ጭጋግ ለብሳ ሳለች፣ በየኔታ ዘርአ ዳዊት መደብ ላይ ነው። ከመሞቱ በፊት የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ቅበሩኝ፤ ለጅብ አትስጡኝ።»

ያለ ነገር አልለመነም። በዚያ ዓመት ከብቱ በበሽታ ይረግፍ ጀምሮ ገደሉ ሁሉ በድን ሞልቶት ነበር። ጅቡ ከመጥገቡ የተነሣ ሰው መፍራት ትቶ በጠራራ ፀሐይ ይንጎራደዳል። ከከብቱ በኋላ የሰው ተራ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቀዋል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

አንሰልሞ በአገሩ በእስፓንያ ለጋዜጣ የሚጽፍ፣ ሀብት የሌለው ቀጭን ሰው ነበር። የመጣበትን ምክንያት የሰማ ሁሉ ይስቅበታል። እመቤታችን ነጭ ልብስ የሰጠችው ጳጳስ ታሪክ፣ እዚህ በታኅሣሥ በዓሉ የሚነበበው፣ ተፈጸመ የሚባለው በእሱ አገር ነው። በልጅነቱ ከአያቱ ሰምቶት ኖሮ በሐበሻ ተራራ ላይም ይነበባል ቢሉት አላምን አለ። «በጆሮዬ ልስማው ብዬ ነው» ይላል ለጠየቀው። የአሊዩ አምባው ነጋዴ ዓወል በበቅሎ ጭኖ ሲያወጣው የቆላው ንዳድ አስቀድሞ ይዞት ነበር። የበዓሉ ዕለት በደጀ ሰላሙ ቆሞ ሰማና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ንዳዱ እየተመላለሰ አልጋ ላይ ጣለው።

ዘርአ ዳዊት የቅኔ መምህር ነው፤ ደቀ መዛሙርቱን ሲያሰናብት ከበሽተኛው ራስጌ ይቀመጣል።

«የእናንተ ቅኔ እንዴት ጀመረ?» አለው አንድ ማታ።

«መጀመሪያ አዝማሪ» አለ አንሰልሞ በተሰባበረ አማርኛው። «የፈረሰኛ ጦርነት እየዞረ ይዘፍናል። ቀጥሎ መነኮሳት ላቲኑን ትተው የእመቤታችንን ተአምር ገበሬ በሚሰማው ቋንቋ ገጠሙ።»

«ገበሬ በሚሰማው! ታዲያ ምን ክብር ቀረላቸው?»

«ክብሩ ቀረ። ሰሚ ግን አገኙ።»

አንሰልሞ እንደተረከው፣ ከዚያ የጽሑፋቸው ዘመነ ወርቅ መጣ፤ መርከብ ከባሕር ማዶ ወርቅ ሲያግዝ ከተሜው በራብ ያዛጋል። የንፉግ ጌታ አሽከር ራቡን እየሳቀ የሚተርክበት መጽሐፍ ያኔ ተጻፈ። የታሰረ መነኩሴ በጨለማ ክፍል ሆኖ ለእግዚአብሔር የፍቅር ግጥም ገጠመ። ባለቅኔዎቹ ደግሞ ለሁለት ተከፈሉ፦ አንዱ በጥቂት ቃል ብዙ ምሥጢር ያጭቃል፣ ሌላው ቃሉን በጌጥ ይሸፍናል። በግጥም እየተሰዳደቡ አረጁ።

«እንደኛ የዋድላና የጎንጅ ቅኔ ቤት ሰዎች ናቸው በለኛ!» ብሎ ዘርአ ዳዊት ከት ብሎ ሣቀ።

«ኋላ ግጥሙን በፈረንሳይ ልክ መስፋት መጣ። ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ጢማቸው ያልበቀለ ልጆች ስለ ጨረቃና ስለ መቃብር እያለቀሱ ሞቱ። አሁን ጎረቤትን እንዳለ ይጽፋሉ፤ ድስቱን፣ ቂሙን፣ የቄሱን ኀጢአት ሳይቀር።»

«ተው! እዚህ እንዳትጀምር።»

ግንቦት ላይ፣ ንዳዱ ለቀቅ ባደረገው ቀን፣ ዘርአ ዳዊት ሃይማኖቱን ጠየቀው። አንሰልሞ ዓይኑን ጨፍኖ «ሊቃውንት የሚጣሉበትን አላውቅም። እናቴ እንዳመነች አምናለሁ» አለ። ለዘርአ ዳዊት ይህ በቂው ነበር።

አስከሬኑ በሰሌን ተጠቅልሎ ደጀ ሰላም ሲደርስ የደብሩ አለቃ ወልደአረጋይ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«የነፍስ አባቱ ማን ነው?»

«የለውም፣ አለቃ።»

«ማተብስ?»

«አላሰረም። ግን ያ ነጭ ልብስ የተሰጠው ጳጳስ የእሱ አገር ሰው አይደለም? ታሪኩን ሊሰማ ብሎ እኮ ነው የሞተው።»

«ጳጳሱ የኖረው እነሱ ተዋሕዶን ሳይክዱ ነው።»

«ከብታችንን የፈጀውን በሽታ ያመጣው ፈረንጅ ነው!» አለ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል። የዜማው መምህር መሪጌታ ገብረአብ ደግሞ ፈገግ ብሎ «ምስክሩስ ማን ሆነና? የቦሩ ሜዳው!» አለ።

ዘርአ ዳዊት ፊቱ ዐመድ መሰለ። በቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ክርክር ጉባኤ ከተረቱት ወገን ነበር፤ ትምህርቱን አውግዞ፣ ምሎ ነው ወንበሩን ያገኘው። ዳግመኛ ቢጠረጠር ከወንበሩ መውረድ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው።

አለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ስማኝ፣ ዘርአ ዳዊት። አንተ ነህ ያስታመምከው። ስለ እምነቱ የነገረህን በግዝት መስክር። ለሃይማኖታችን የቀረበ ቃል ከወጣው ጉድጓዱን አሁን አስቆፍራለሁ።»

አንሰልሞ ስለ እናቱ ያለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ገብረአብ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«አልጠየቅሁትም» አለ ዘርአ ዳዊት።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ ከዓወል ጋር ሁለት ሆነው ቆፈሩ። መሬቱ ዐለት ነው፤ ጉድጓዱ ከጉልበት አላለፈም።

«‹አልጠየቅሁትም› ብለዋል ሲሉ የሰማሁት እውነት ነው?» አለ ዓወል ላቡን እየጠረገ። «ወላሂ፣ እኔ በቅሎ ስነዳ ስንት ጊዜ ስለ እናቱ አጫውቶኛል! ለእርስዎ አንድም ቀን አልነገረዎትም?»

ዘርአ ዳዊት በሰሌኑ ላይ አፈር መለሰ።

«እሺ ይተዉት። ጸሎት ይበሉለት ታዲያ፣ የኔታ። የኔ አይሆነውም።»

ዘርአ ዳዊት ከንፈሩን ሲያላቅቅ ገብረአብ ሁለት ዲያቆናት አስከትሎ በላይኛው መንገድ ብቅ አለ። ዘርአ ዳዊት ከንፈሩን መልሶ ገጠመ።

ዓወል ወደ መንገዱ አየ፤ ወደ እሱም አየ። ዶማውን ጥሎ «እንግዲያስ አላህ እኔንም ይቅር ይበለኝ» አለና ለጸሎት መዳፎቹን ዘረጋ።

ዘርአ ዳዊት ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ጅብ እንዳያወጣው በአፈሩ ላይ ድንጋይ ይከምር ጀመር። በዚያ ገደል አፍ ግን የሚነሣ ድንጋይ ብዙ አልነበረም።