ሞተሩ እስኪበርድ

«ተቀመጥ እንጂ ወንድሜ፤ ሰው ምን ይላል?» አለች እህታቸው በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊው ግን ቁጭ ከማለታቸው ተነሥተዋል። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጥተዋል። ለቀስተኛው ሲያጽናናቸው ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ በመስኮቱ ደጅ የቆመችው የልጃቸው መኪና ትታያለች።

«ዛሬ ለመኪናዋ ገዢ ይመጣል» አሏት።

«የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ?»

«እሷ እዚያ ተገትራ እኔ እዚህ ልጄን አላለቅስም።»

ከወዲያ ጥግ አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ፣ «በመኪናዋ ነው እንዴ የሞተው?» ትላለች።

«ኧረ ልቡ ነው። ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ወደቀ።»

መኪናዋ አልገደለችውም፤ አባትየው ግን ቂም ይዘውባታል። ልጁ አሮጌ የስፖርት መኪና አስጎትቶ አመጣና ሞተሯን ፈታ፤ ጉልበት የሚጨምርላትን ተርቦ ገጠመላት፤ ሰፋፊ ጎማ አጠለቀላት፤ መሬት እስክትልስ ዝቅ አደረጋት። ሚስት አግባ ቢሉት የጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታውን ቀየረ። ስትመጣ በጩኸቷ ሰፈሩ በሙሉ የማን ልጅ እንደመጣ ያውቃል። ይህንንስ ችለውት ነበር። ያልቻሉት ሌላ ነው፤ ልጁ አመሻሽ ላይ ደጅ ደርሶ አይወርድም። ሞተሩን ሳያጠፋ እዚያው ይጎለታል። «የኔን ፊት ላለማየት ነው፤ እስክተኛ እየጠበቀ» ይላሉ አባት። እልህ ይይዛቸውና እራታቸውን ትተው መኝታ ቤት ገብተው ይዘጋሉ። ልጁ ይገባል፤ አንዴ ቀስ ብሎ «አባዬ?» ይላል። ነቅተው ዝም ይሉታል። እንዲህ ሲሉ ዓመታት አለፉ።

ገዢው ወደ ማታ መጣ። ቁልፉን የሰጠው የልጁ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ወሬ ስለማያልቅበት «ባትሪ» የሚሉት መካኒክ። ገዢው አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና ደጃፉ ላይ ቆመ። አልወረደም። ሞተሩ ያጉረመርማል።

«ምን ሆኖ ነው የማይወርደው?» አሉ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ከባትሪ ጎን ቆመው፤ ድምፃቸው ሻከረ።

«እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት፣ አባባ» አለ ባትሪ። «ተርቦው እንደጋለ ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ ውስጡ ያርርና ያበላሸዋል። ትንሽ ቆሞ መብረድ አለበት። ልጅዎ አንድም ቀን ሳያበርዳት ወርዶ አያውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን። እንዲያውም ‹በሷ ምክንያት እራት ብቻዬን ነው የምበላው› ይል ነበር። ‹አባዬ በጊዜ ነው የሚተኛው፤ ትንሽ ብቀድም አገኘው ነበር› ይል ነበር።»

ልብስ ሰፊው ወደ መኪናዋ ዞሩ። ልጁ አልሸሻቸውም ነበር። ስንት ማታ በገዛ እጃቸው በር ዘግተውበታል! ከሐዘኑ ቁጭቱ ባሰባቸው።

ሞተሩ ዝም አለ። ልብስ ሰፊው ሄደው የመኪናዋን በር ከፈቱ።

«ወድጃታለሁ፣ አባባ» አለ ገዢው እየወረደ። «በሐዘን መሐል እንዳላስቸግርዎት፣ ነገ መጥቼ ብወስዳትስ?»

«ትወስዳታለህ። አሁን ግን ግባ፤ እራት ቀርቧል።»

«ኧረ እኔ እንኳ…»

አላስጨረሱትም። ግራ የገባውን ሰው ክንዱን ይዘው፣ ከራሳቸው አስቀድመው ወደ ቤት አስገቡት።